ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ 2004 ከ16ጂ ቱርቦ ጋር፦ ፒጊባክ፣ ፍላሽ ወይስ ስታንድአሎን?

#1 ሰማያዊ04 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለቤቱ። መኪናው የ2004 ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ ነው፣ የአሜሪካው ባለ 2.0 ሊትር ኢጄ205 ሞተር ያለው። ቱርቦው ከፋብሪካው ቲዲ04 ወደ ቲዲ05-16ጂ ተቀይሯል። ባለ 3 ኢንች ዳውንፓይፕ (ከቱርቦው በኋላ ያለው የጭስ ቱቦ፤ ካታሊስቱ አለ) እና ሰፋ ያለ የአየር ማስገቢያ ገብቶለታል። ኢንጀክተር፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ኢንተርኩለር እና ኮምፒውተሩ እንደነበሩ ናቸው። ለጊዜው ቡስት (የቱርቦው ግፊት) ሳይሠራበት በቀስታ ብቻ ይነዳል።

የሚፈለገው በ93 ኦክቴን ሞተሩ ላይ 300 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። የዕለት መኪና ስለሆነ የኤሚሽን ምርመራም ማለፍ አለበት። ያገለገለ አፔክሲ ኤስኤኤፍሲ (ፒጊባክ፣ ማለትም በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መሃል የሚገባ ሳጥን) ከነማንዋል ቡስት ኮንትሮለሩ በርካሽ ተገኝቷል። ሌላው ሰው ደግሞ "ስታንድአሎን (የፋብሪካውን የሚተካ ሌላ ኮምፒውተር) ግዛና ተገላገል" ይላል። የቱ ያዋጣል?

#2 ላምዳ1 (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ኤስኤኤፍሲውን ተወው። ርካሽ የሚሆነው ቴስታታ እስኪወርድ ድረስ ነው።

የዚህ መኪና ኮምፒውተር የሚገባውን አየር የሚለካው በማፍ ሴንሰር ነው። ከአየሩ መጠን ጭነት ያሰላል (ግራም በዙር)፤ በዚያው ጭነት ሁለት ነገር ይወስናል፦ ስንት ቤንዚን ይረጭ እና ካንዴላው መቼ ይተኩስ። ኤስኤኤፍሲ መሃል ገብቶ የማፉን ምልክት አጭበርብሮ ያሳልፋል። ከ440 ሲሲ ወደ 740 ሲሲ ኢንጀክተር ስትሄድ ቤንዚኑ እንዳይበዛ ምልክቱን በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ ማድረግ ግድ ይሆንብሃል። ቤንዚኑ ተስተካከለ እንበል። እውነተኛው ጭነት ግን 2.4 ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ 1.4 ነው ብሎ አምኗል። ስለዚህ ታይሚንግ ሠንጠረዡ ውስጥ የቀላል ጉዞ ቦታ ላይ ሄዶ አድቫንሱን ከፍ ያደርጋል (ካንዴላውን ቀድሞ ያስተኩሳል)፤ ያውም ሙሉ ቡስት ላይ! ኖክ (ቤንዚኑ ያለአግባብ መፈንዳቱ) ይመጣል፣ የፒስቶኑ የፋሻ ማረፊያ ይሰነጠቃል፣ ሰውም "ሱባሩ ሞተሩ ደካማ ነው" ይላል።

በዚያ ላይ በቀላል ጉዞ ጊዜ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያየ ስለሚያርም፣ አንተ ዛሬ የቀነስከውን ነገ መልሶ ይጨምረዋል። ማንዋል ቡስት ኮንትሮለሩም ቢሆን ከኮምፒውተሩ ጋር አይነጋገርም፤ ኖክ ሲሰማ ቡስት መቀነስ አይችልም።

ወደ ኢንጀክተሩ እንምጣ። ቱርቦ ሞተር በሰዓት ለአንድ የፈረስ ጉልበት 0.6 ፓውንድ ቤንዚን ገደማ ይበላል። 300 × 0.6 = 180 ፓውንድ፣ ለ4 ሲሊንደር ሲካፈል 45። ኢንጀክተር ከ85 በመቶ ዲዩቲ (ክፍት ሆኖ የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ) በላይ መሥራት ስለሌለበት 45 ÷ 0.85 = 53 ፓውንድ በሰዓት ይመጣል፤ በ10.5 ስታባዛው 556 ሲሲ በደቂቃ። የፋብሪካው 440 ሲሲ በዚሁ ሒሳብ 237 ጉልበት ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከ650 እስከ 750 ሲሲ፣ ቶፕ ፊድ (ቤንዚኑ ከላይ የሚገባበት) የሆነ ግዛ። የ2004 እስከ 2006 ኤስቲአይ ኢንጀክተር ሳይድ ፊድ (ከጎን የሚገባበት) ነው፣ አይገጥምልህም። "ሱባሩ ነው" ብለው ሊሸጡልህ ይሞክራሉ።

መልሴ ፍላሽ ነው። የራሱን ኮምፒውተር ማፕ (የቤንዚንና የታይሚንግ ሠንጠረዦቹን) መቀየር ለ300 ጉልበት ከበቂ በላይ ነው።

#3 ጋሽ_ቴስታታ

ልጆች፣ ከኮምፒውተሩ በፊት ሞተሩን እዩ።

ኮምፕሬሽን ለኩ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ቢራቢሮው ሙሉ ተከፍቶ፣ የቤንዚን ፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው የማየው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ቱን (ማፕ ማስተካከል) የሚባለውን ነገር እርሱት። (አዲስ አበባ ላይ የምትለኩ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ጌጁ ከመጽሐፉ በታች ማሳየቱ አያስደንግጣችሁ።)

ካንዴላውን በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነው ቀይሩ። በኤንጂኬ አቆጣጠር ፋብሪካው 6 ነው፣ 7 ይግባ፤ ክፍተቱ 0.7 ሚሊሜትር። ኖክ ሴንሰሩን 24 ኒውተን ሜትር እሰሩት፤ ከላላ አይሰማም፣ ከጠበቀ የሌለ ነገር ይሰማል።

ትልቁን ነገር ማንም አላነሳም። በዚህ ሞዴል ከቱርቦው በፊት ባለው አፕፓይፕ ውስጥ ትንሽ ካታሊስት አለ። ካረጀ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪው ቀጥታ ወደ ቱርቦው ክንፍ ነው የሚሄደው። አዲስ ቱርቦ ከማሰርህ በፊት አይተኸዋል?

#4 ሰማያዊ04

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ አላየሁትም፤ አያለሁ። ቢነሳስ ምን ችግር አለው?

#5 ላምዳ1

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ዘልዬው ነበር። ግን መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ካታሊስት ማንሳት በአሜሪካ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ያለህ አማራጭ ካታሊስቱ ያልተሰነጠቀ ሙሉ አፕፓይፕ መግጠም ነው። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ምርመራው ኦቢዲ (የኮምፒውተሩ መመርመሪያ) ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ነው። ፍላሽ ከተደረገ በኋላ ሞኒተሮቹ (ኮምፒውተሩ የኤሚሽን ክፍሎቹን የሚፈትሽባቸው) ከዜሮ ስለሚጀምሩ፣ ጥቂት ቀን ከተማም አውራ ጎዳናም ሳትነዳው ለምርመራ አትሂድ። ስታንድአሎን ከሆነማ ብዙዎቹ ሞኒተር የሚባል ነገር አያሳዩም፤ ለአንተ ይሄ ብቻውን ነገሩን ይዘጋዋል።

#6 ኢጄ_ብቻ (ዳላስ)

የቡስት ሊክ ፈተና ሳይሠራ ማንም ማፕ እንዳይነካ። ባለ 3 ኢንች የፕላስቲክ ቱቦ ክዳን ላይ የጎማ ቫልቭ ግጠምና የቱርቦው አፍ ላይ እሰረው፣ ቀስ እያልክ እስከ 1 ባር ንፋስ ሙላ፣ የሳሙና ውሃ እርጭ። ከዘይት መሙያው የሚሰማ ትንሽ ሹክሹክታ የተለመደ ነው። ከኢንተርኩለሩ ጎማ፣ ከኢንጀክተር መቀመጫ ጎማ እና ከመመለሻ ቫልቩ ከሆነ ግን አስተካክል።

ማፍ ባለው መኪና ሊክ ሁለት መልክ አለው። ቡስት ላይ የተቆጠረ አየር ስለሚያመልጥ ቤንዚን ይበዛል። ቫኪዩም ላይ ያልተቆጠረ አየር ስለሚገባ ይሳሳል። አይድል ላይ ሲጨምር፣ ጋዝ ሲረገጥ ሲቀንስ የምታየው የማያልቅ ትሪም (ኮምፒውተሩ በመቶኛ የሚያደርገው የቤንዚን እርማት) ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። አየሩን ወደ ውጭ የሚተፋ "ፕሽሽ" ባይ ቫልቭም በዚሁ ምክንያት ማርሽ ስትቀይር ጥቁር ጭስ ያስተፋሃል፤ ድምፁን ከወደድከው ዋጋው እሱ ነው።

#7 ሰማያዊ04

ሊኩ ተገኘ፣ የኢንተርኩለሩ ጎማ ነበር። አፕፓይፑም ተሰንጥቋል፣ በሙሉው ይቀየራል። 740 ሲሲ ቶፕ ፊድ፣ ዋልብሮ 255 ፓምፕ እና ዋይድባንድ (የአየርና ቤንዚን ጥምርታን የሚለካ ሴንሰር) ታዘዋል። ፍላሹ በምን ይሠራ?

#8 ላምዳ1

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የኮብ አክሰስፖርት ነው፤ ምቹ ነው፣ ግን ለዚህ ዓመት መኪና በትክክል የተሠራ መሆኑን አረጋግጥ፤ ከሌላ መኪና ኮምፒውተር ጋር ተቆልፎ ያልተፈታ ያገለገለ እንዳትገዛ። ሌላው ታክትሪክስ ኦፕንፖርት 2.0 ገመድ፣ ኢሲዩፍላሽ እና ሮምሬይደር ነው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው።

በገመዱ የምትሠራ ከሆነ ከዳሽቦርዱ ሥር ያሉትን ሁለቱን አረንጓዴ የቴስት ሶኬቶች አገናኛቸው። የ2002 እስከ 2005 ደብሊውአርኤክስ ኮምፒውተሮች 16 ቢት ስለሆኑ ከገመዱ ጋር የሚመጣውን ተጨማሪ ሶኬት ነጩ ማያያዣ ላይ መሰካት አለብህ። ባትሪው ላይ ቻርጀር ይደረግ፣ ላፕቶፑ እንዳይተኛ ይደረግ። መጀመሪያ የፋብሪካውን ማፕ አንብብና ሁለት ቦታ አስቀምጥ። የሌላ ሰው ማፕ አውርደህ እንዳትጭን፤ የሮም መለያው ካልገጠመ ሞተሩ ላይነሳም ይችላል።

ዋይድባንዱን ዳውንፓይፑ ላይ ከቱርቦው ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር አርቀህ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ከአግድም 10 ዲግሪ ቀና አድርገህ ግጠመው። ከሱ በፊት የማርሚታ መስመር ሊክ ካለ የሳሳ አስመስሎ ይዋሻል። የካንዴላ መሳትም እንዲሁ፤ ያልተቃጠለ ኦክስጅን ያልፋልና። ሰው ይህን አይቶ ቤንዚን ሲጨምር ካንዴላው ጭራሽ ይጠፋል።

ቀጥሎ ኢንጀክተር። ሁለት ቁጥር ትሰጠዋለህ፦ የፍሰት መጠን እና ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ፣ ማለትም ሌተንሲ። ሌተንሲው በባትሪ ቮልት ይለያያል፤ ቮልት ሲወርድ ይረዝማል። ከሻጩ ሠንጠረዡን ጠይቅ፤ ሠንጠረዥ የሌለው ኢንጀክተር አትግዛ። ስህተቱን የምትለየው እንዲህ ነው፦ ትሪሙ በሁሉም ቦታ በተመሳሳይ በመቶኛ ከተሳሳተ ፍሰቱ ነው፤ አይድል ላይ በጣም ተሳስቶ ጭነት ሲጨምር እየጠበበ ከሄደ ሌተንሲው ነው።

ከዚያ በኋላ ማፍ። ማስገቢያውን ስላሰፋህ አንድ ዓይነት ቮልት አሁን የበለጠ አየር ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም። የማፍ ቮልት፣ የኤኤፍ ኮሬክሽን (የወቅቱ እርማት) እና የኤኤፍ ለርኒንግ (የተማረው እርማት) ሎግ አድርግ፣ ማለትም መዝግብ። ሁለቱን ደምርና በየ0.1 ቮልቱ አማካይ አውጣ፤ ለአንድ ሣጥን ከ30 ያነሰ ንባብ ካለህ አትመነው። ድምሩ +8 ከሆነ የዚያን ቮልት አየር በ8 በመቶ ጨምር። ±5 ውስጥ ሲገባ በቃ፣ ፍጽምና አትፈልግ። ሙሉ ጋዝ ላይ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያየ ስለማያርም የዋይድባንዱን ንባብ ለታዘዘው አካፍለህ በዚያ ታርማለህ።

ኢንጀክተሩ ሳይስተካከል ማፉን ከነካህ ግን የአንዱን ስህተት በሌላው እየሸፈንክ ነው፤ ያው የኤስኤኤፍሲውን ሥራ በእጅህ ሠራኸው ማለት ነው።

#9 ከፍታ2350 (አዲስ አበባ)

እዚህ ለምንነዳ ሰዎች አንድ ጥያቄ። "16ጂ 1.2 ባር ይችላል" የሚለው የአሜሪካ ምክር አዲስ አበባ ላይ ይሠራል? ፓምፕ ላይ የምንመርጠው የኦክቴን ቁጥርም የለንም።

#10 ላምዳ1

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጌጁ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ሞተሩ የሚበላው ግን ጠቅላላውን ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩ 101 ኪሎፓስካል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 76 እና 77 አካባቢ ነው።

ባሕር ጠረፍ ላይ 1 ባር ቡስት ማለት ጠቅላላው 201 ኪሎፓስካል ነው፤ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ አደረገው። አዲስ አበባ ላይ እዚያው 201 ለመድረስ ጌጁ 1.25 ባር ማሳየት አለበት፣ ቱርቦው ደግሞ 2.6 እጥፍ ይጨምቃል። በ20 ዲግሪ አየርና በ70 በመቶ ብቃት ስታሰላው ባሕር ጠረፍ ላይ ከቱርቦው የሚወጣው አየር 112 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 153 ይሆናል። የተገኘው ግፊት አንድ ነው፣ ሙቀቱ ግን በ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ቱርቦውም በጣም በፍጥነት ይሽከረከራል። ስለዚህ ለእናንተ ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ኢንተርኩለር ላይ ነው፤ ቀጥሎም ከታይሚንግ 2 እና 3 ዲግሪ ቀንሶ መጀመር።

ስታንድአሎን የምታስገባ ከሆነ ለውጭው አየር የራሱ ባሮ ሴንሰር እንዳለው እይ። ማፑን አዲስ አበባ ላይ አስተካክለህ አዋሽ ስትወርድ ልዩነቱ ይታወቅሃል።

#11 ከፍታ2350

ተገናኘን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀደም ሲል የፊንጫ ኤታኖል 5፣ በኋላም 10 በመቶ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቅ ነበር። በትክክል የሚቃጠልበት የአየርና ቤንዚን ጥምርታ (ኤኤፍአር) ለንጹሕ ቤንዚን 14.7 ሲሆን 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት 14.1 አካባቢ ነው። የቤንዚኑን ዓይነት በእርግጠኝነት ለማያውቅ ሰው ከኤኤፍአር ይልቅ በላምዳ መሥራት ይሻለዋል፤ ላምዳ 1 ማለት በትክክል የሚቃጠልበት ጥምርታ ነው፣ የትኛውም ቤንዚን ላይ ያው ላምዳ 1 ነው።

#12 ሻርጃ_ቱርቦ

ለገልፍ ልጆች፦ ፓምፕ ላይ የምታዩት 91፣ 95 እና 98 ሮን በተባለው የኦክቴን መለኪያ የሚለካ ነው፤ የአሜሪካው 93 ከእኛ 97 እና 98 ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩ 91 ስለሆነ ብቻ "ከካሊፎርኒያው 91 ጋር አንድ ነው" እንዳትሉ፤ የነሱ 91 የኛ 95 እና 96 ነው። በ98 የተሠራ ማፕ ላይ 91 መሙላት ሞተር መግደል ነው።

በበጋ ደግሞ ሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠው የሱባሩ ኢንተርኩለር ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ምድጃ ይሆናል። የገባው አየር ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ታይሚንግ የሚቀንስ ሠንጠረዥ መሙላት አትርሱ። ወደፊት የሚገጠም ኢንተርኩለር ካደረጋችሁ ማፉ እንደገና ይለካ።

#13 ሜጋ_ሽቦ (አትላንታ)

ሁላችሁም ፍላሽ ፍላሽ ትላላችሁ፣ ስታንድአሎንን እንዲህ መናቅ ግን ልክ አይደለም። ማፉ 5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ዓይኑ ይጨልማል፤ ከዚያ በላይ የሚገባውን አየር አያይም። ትልቅ ቱርቦ ያለው ሰው ማፉን ነቅሎ በማፕ ሴንሰር (የማስገቢያውን ግፊት በሚለካው) መሥራት ይሻለዋል። ይህን በፍላሽ ማድረግ በዋናነት የ32 ቢት ኮምፒውተሮቹ ነገር ነው።

ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነ ነዳጅ) ላስገባ ካለም 16 ቢቱ የፋብሪካ ኮምፒውተር የፍሌክስ (የኤታኖል መጠን) ሴንሰር መግቢያ የለውም። ሴንሰሩ 50 ኸርትዝ ሲያወጣ ዜሮ ኤታኖል፣ 150 ሲያወጣ 100 በመቶ ነው፤ ስታንድአሎኖቹ ሊንክም፣ ሃልቴክም፣ ኢሲዩማስተርም በቀላሉ ያነቡታል። አሜሪካ ውስጥ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ከ51 እስከ 83 በመቶ ስለሚዋዥቅ ያለ ሴንሰር ሎተሪ ነው።

ስታንድአሎን ለሚያስገባ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ ስለተነሳ ብቻ ታይሚንጉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ታይሚንጉን ሶፍትዌሩ ላይ 10 ዲግሪ ቆልፈህ በታይሚንግ ላይት ፑሊው ላይ አይተህ አመሳስል። ዙሩን ወደ 4000 ስታወጣው ምልክቱ ከሸሸ ትሪገሩ (የክራንኩን አቀማመጥ የሚነግረው ምልክት) በትክክል አልተዋቀረም። ኖኩን ደግሞ የሚያዳምጥበትን ድምፅ ንገረው፦ 900ን ለፓይ እና ለሲሊንደሩ ስፋት ግማሽ አካፍል። ለኢጄ205 92 ሚሊሜትር ስለሆነ 6.2 ኪሎኸርትዝ ይመጣል።

#14 ላምዳ1

አልናቅሁም ወንድሜ፣ ባልከው ሁሉ እስማማለሁ። ግን ይሄ ሰው 300 ጉልበት፣ 93 ኦክቴን እና ምርመራ ነው ያለው። የፋብሪካው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ከዚያ በላይ የሚያስመኝ አይደለም።

#15 ሰማያዊ04

ሁሉም ተገጥሟል፣ ማፉም ±4 ውስጥ ገብቷል። ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ) ላይ በ3ኛ ማርሽ የወጣው ሎግ ይኸው፤ ኖክ ኮሬክሽን በኖክ ምክንያት የተቀነሰው ታይሚንግ ነው፣ በዲግሪ። የታዘዘው ኤኤፍአር ሁሉም ቦታ 11.0 ነው።

3500 ዙር፦ ቡስት 0.9 ባር፣ ኤኤፍአር 11.1፣ ኖክ ኮሬክሽን 0
4500 ዙር፦ 1.15 ባር፣ 11.0፣ 0
5500 ዙር፦ 1.1 ባር፣ 11.6፣ -1.4
6000 ዙር፦ 1.0 ባር፣ 12.3፣ -2.8፣ ኢንጀክተሩ 14.4 ሚሊሴኮንድ

ላይኛው የማፍ ሠንጠረዥ ላይ 12 በመቶ ልጨምር?

#16 ላምዳ1

አትጨምር። ቀድመህ የቤንዚን ግፊት ለካ። ኢንጀክተሩ 14.4 × 6000 ÷ 1200 = 72 በመቶ ዲዩቲ ላይ ነው፣ ገና ቦታ አለው። የማፍ ስህተት ቢሆን ደግሞ ከ4500 በኋላ እንዲህ በአንዴ አይገለበጥም። የቤንዚን ግፊት ሬጉሌተሩ ቫኪዩም መስመሩ ተነቅሎ 3 ባር ከሆነ፣ 1 ባር ቡስት ላይ 4 ማሳየት አለበት።

#17 ሰማያዊ04

ጌጁ ተገጠመ። አይድል ላይ ቫኪዩሙ ተነቅሎ 3.0 ልክ ነው። 6000 ላይ ግን 3.4 ብቻ።

#18 ላምዳ1

በቃ፣ ተገኘ። ኢንጀክተሩ በሁለት በኩል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው የሚያየው፤ 3.4 ሲቀነስ 1.0 = 2.4፣ መሆን ያለበት ግን 3.0። ፍሰት በልዩነቱ ስኩዌር ሩት ስለሚሄድ ወደ 89 በመቶ ወርዷል። 11.0 ÷ 0.894 = 12.3። ሎግህ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ነው። ማፉን ብትጨምር ኖሮ ዛሬ ይደበቅና ፓምፑ ትንሽ ሲደክም ሞተሩ ይሄድ ነበር።

#19 ጋሽ_ቴስታታ

ፓምፑ አዲስ ከሆነ ጥፋቱን ሽቦው ላይ ፈልጉ። ፓምፑ ሶኬት ላይ፣ ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ ቮልት ለካ።

#20 ሰማያዊ04

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው። ባትሪው ላይ 13.9፣ ፓምፑ ላይ 11.2።

#21 ጋሽ_ቴስታታ

ዋልብሮ ከፋብሪካው ፓምፕ የበለጠ አምፔር ይስባል፤ የ20 ዓመት ሽቦ አይችለውም። ከባትሪው 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሳብ፣ ባትሪው አጠገብ የ20 አምፔር ፊውዝ አድርግ። በሪሌይ አሳልፈው፤ የድሮው የፓምፕ ሽቦ ሪሌዩን ብቻ ያስነሳ። መሬቱንም አዲስ አድርግ፣ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰር፤ ግማሹ ችግር ሁሌ መሬቱ ጋ ነው። የቤንዚን ፊልትሮውንም በዚያው ቀይር። ከዚያ ማፑን ምንም ሳትነካ እንደገና ሎግ አውጣና እዚህ ለጥፍ።

#22 ሰማያዊ04

ፓምፑ ላይ 13.5 ሆነ። 6000 ዙር፦ የቤንዚን ግፊት 4.0፣ ኤኤፍአር 11.1፣ ኖክ ኮሬክሽን 0፣ ዲዩቲ 71 በመቶ። ኤስኤኤፍሲው ለባለቤቱ ተመልሷል።